ስለ ኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያና ያለ አደጋ ስለሚለካበት ሥርዓት

የኤሌክትሪክ ኃይል ቀለም የለውም፤ በዓይንም አይታይም። ኃይል የተሸከመ ሽቦና ኃይል የሌለበት ሽቦ ለሚያያቸው ሰው አንድ ናቸው። ስለዚህ እጅን ወደ ሽቦ ከመዘርጋት አስቀድሞ እውነቱን የሚነግረን ምስክር ያስፈልገናል። ይህም ምስክር መልቲሜትር የሚባለው መለኪያ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሰሌዳና ባትሪ ባለበት የገጠር ትምህርት ቤት፤ መምህሩም የመንደሩም ሽማግሌ አጠቃቀሙን ቢያውቁ ለልጆች ደኅንነት ታላቅ ጥቅም አለው።

መልቲሜትር በተለይ ሦስት ነገሮችን ይለካል። አንደኛው ግፊት ነው፤ በቮልት ይቆጠራል። ሁለተኛው ፍሰት ነው፤ በአምፔር ይቆጠራል። ሦስተኛው ፍሰቱን የሚገታው ተቃውሞ ነው፤ በኦም ይቆጠራል። ነገሩን በውሃ ብንመስለው፤ ውሃው የሚወርድበት ከፍታ እንደ ቮልት፤ በቧንቧው የሚያልፈው የውሃ ብዛት እንደ አምፔር፤ የቧንቧው ጥበት እንደ ኦም ነው። ስሞቹ የተወሰዱት ከኢጣሊያዊው ከአሌሳንድሮ ቮልታ፤ ከፈረንሳዊው ከአንድሬ ማሪ አምፔርና ከጀርመናዊው ከጌኦርግ ኦም ነው። ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሦስቱን ዝምድና ገለጸ፤ ይኸውም ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል አምፔሩን ይሰጣል ማለት ነው። ለምሳሌ 12 ቮልት ያለው ባትሪ ሲበራ 6 ኦም ተቃውሞ ካለው አምፖል ጋር ቢያያዝ 2 አምፔር ያልፋል።

መሣሪያው ጫፋቸው ሹል ብረት የሆነ ሁለት ሽቦዎች አሉት። ጥቁሩ ሁልጊዜ «ኮም» ከሚባለው ቀዳዳ ይገባል። ቀዩ ግን ለቮልትና ለኦም በአንዱ ቀዳዳ፤ ለአምፔር በሌላው ይገባል። የሽቦው ልባስ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ ቢሆን ፈጽሞ አይለካበትም።

ቮልት ሲለካ፤ በመጀመሪያ መምረጫው ወደ ቮልት ይዞራል። ለባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ኃይል፤ ለከተማ መስመር ተመላላሹ ኃይል ይመረጣል። መጠኑ ካልታወቀ ከትልቁ ልክ ተጀምሮ ወደ ታናሹ ይወረዳል። ከዚያ በኋላ ቀዩ ጫፍ በባትሪው የመደመር ምልክት ላይ፤ ጥቁሩ በመቀነስ ምልክት ላይ ይደረጋል። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ቢወርድ ሊያልቅ እንደ ቀረበ ይታወቃል።

ኦም ሲለካ፤ ኃይሉ አስቀድሞ ይቋረጣል። ኃይል ባለበት ቢለካ ንባቡ ሐሰት ይሆናል፤ መሣሪያውም ይበላሻል።

አምፔር ሲለካ፤ ኃይሉ ተቋርጦ መስመሩ በአንድ ቦታ ይከፈታል፤ መለኪያውም በመካከል ገብቶ ፍሰቱ በውስጡ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው በዚህ ነው። የአምፔሩ መንገድ ተቃውሞ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀዩ ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ ሳለ ጫፎቹ በባትሪ ወይም በሶኬት ላይ ቢያርፉ፤ እጅግ ብዙ ፍሰት በአንድ ጊዜ ያልፋል። ፊውዙ ቢቃጠል መልካም ዕድል ነው፤ አለዚያ መሣሪያው በእጅ ላይ ሊነድ ይችላል። እንግዲህ አምፔር የለካ ሰው መሣሪያውን ከማስቀመጡ በፊት ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ ይመልስ።

ሌላም ሊረሳ የማይገባው ነገር አለ። መለኪያው ዜሮ ስላሳየ ብቻ ሽቦው ኃይል የለበትም ማለት አይደለም። የመለኪያው ሽቦ የተበጠሰ ከሆነም ዜሮ ይታያል። ስለዚህ አስቀድሞ ኃይል እንዳለው በታወቀ ነገር ላይ ይሞከር፤ ቀጥሎ የተጠረጠረው ሽቦ ይለካ፤ በመጨረሻም መለኪያው በታወቀው ነገር ላይ እንደ ገና ይሞከር። ምስክሩ ራሱ ሳይመረመር ቃሉ አይታመንም።

በኢትዮጵያ በየቤቱ የሚገባው መስመር 220 ቮልት ነው። በደረት በኩል የሚያልፍ የአንድ አምፔር ዐሥረኛ እጅ ፍሰት ብቻ ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የዚህን መስመር ልኬት ለሙያተኛ መተው ይገባል። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ቢኖር በእጅ አይነካ፤ ማጥፊያው አስቀድሞ ይዘጋ። ባለ 12 ቮልቱም ባትሪ አይናቅ፤ ቀለበት ወይም አምባር ሁለቱን ጫፎቹን ቢያገናኝ ወዲያው ግሎ ሥጋን ያቃጥላል።

ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆነው 1.5 ቮልት ያለው የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው። መምህሩ አዲሱንና ያለቀውን ድንጋይ ያስለካቸው፤ ንባቡንም በሠንጠረዥ ያስጽፋቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፤ በዚህ ትንሽ ነገር ሥርዓቱን በእርጋታ የተማረ ልጅ በትልቁ ኃይል ፊት አይደፍርም፤ ከመንካቱም በፊት መለካትን ልማድ ያደርጋል።