ከማሸጊያ ሣጥን ቁርጥራጭ የሚሠራ የጭን ጠረጴዛ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን እንደሚያውቁት፤ ዕቃው ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ መደብሩ ከገባ በኋላ እንጨቱ በግቢው ጥግ ይከመራል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶም ለማገዶ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የዚያ እንጨት ዋጋና የማጓጓዣው ኪራይ ከዕቃው ሒሳብ ጋራ ተደምሮ የተከፈለበት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ባለ እጆች ግን ሌላው የጣለውን አንሥተው ለሽያጭ የሚበቃ ዕቃ ያደርጉታል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከዚሁ ቁርጥራጭ በትእዛዝ ሊሠራ የሚችለውን የጭን ጠረጴዛ አሠራር በአጭሩ እንገልጻለን።

የጭን ጠረጴዛ ማለት ተቀምጦ ወይም በአልጋ ላይ ሆኖ ለመጻፍ በጭን ላይ የሚደረግ፤ ክዳኑ ጥቂት ያዘነበለ ዝቅተኛ ሣጥን ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጽፉ ኖረዋል። ቶማስ ጄፈርሰንም በ1776 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው፤ ንድፉን ራሱ አውጥቶ ባሠራው ትንሽ የጽሕፈት ሣጥን ላይ ነው። ዛሬም ላፕቶፕ በብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ የአየር መግቢያው ስለሚታፈን ጠንካራ ሰሌዳ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሣጥኑ ማኅተም ይመርመር። በ2002 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጸደቀው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና ደንብ መሠረት፤ ከአገር ወደ አገር በሚተላለፍ የእንጨት ማሸጊያ ላይ የስንዴ ዛላ ምልክት፤ የአገሩ ስም ምሕጻር፤ የአምራቹ ቍጥርና የሕክምናው ዐይነት ይታተማል። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ እንጨቱ እስከ ልቡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ የቆየ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም እርሱ ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛም ጋዝ የታጠነ ስለ ሆነ፤ በጭን ላይ ለሚውል ዕቃ ባይነካ ይሻላል። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትም እንዲሁ ይወገድ። ከአናጢ ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ቢገኝ ለክዳኑ እጅግ ያምራል።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። በጅቡቲ ወደብ የባሕር አየር ውስጥ የሰነበተ ጣውላ አዲስ አበባ እንደ ደረሰ ወዲያው ቢሠራ፤ ውሎ አድሮ መጋጠሚያው ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ምስማሩ ተነቅሎ፤ በጥላ ሥር፤ በየመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ። አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያውን ስለት ያበላሻልና ፍለጋው በጥንቃቄ ይደረግ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የደንበኛው ፍላጎት ይጠየቅ። ለመካከለኛ ሰው ክዳኑ 50 በ35 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በግራ እጁ ለሚጽፍ የእርሳስ ማኖሪያው በግራ በኩል ይደረግ።

2ኛ/ ጣውላዎቹ ተልገው ውፍረታቸው 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለክዳኑ ሦስት ወይም አራት ጠባብ ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው፤ በሞርሳ ተይዘው ይደሩ።

3ኛ/ የሣጥኑ ዙሪያ 48 በ34 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የፊቱ ቁመት 4፤ የኋላው 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፤ የጎኖቹ ጣውላዎች በዚሁ ልክ ከኋላ ወደ ፊት አዘንብለው ይቈረጡ። ከታች በ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይዘጋ።

4ኛ/ ክዳኑ ከኋላ በሁለት ማጠፊያ ይያዝ እንጂ ዙሪያውን በኮላ አይጣበቅ፤ እንጨቱ በየወቅቱ ሲሰፋና ሲጠብ መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃልና። ወረቀት እንዳይንሸራተት በፊቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ዘንግ ይለጠፍ።

5ኛ/ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባ። ከቀላል እንጨት የተሠራ እንደ ሆነ ክብደቱ 2 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ እጅግ የበለጠ ከሆነ ጭን ያደክማል።

ስለ ዋጋው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንጨቱ ያለ ዋጋ ስለ ተገኘ ትርፉ ሁሉ የተጣራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ኮላው፤ ማጠፊያው፤ ቫርኒሹና ከሁሉም በላይ የአናጢው ሰዓት ወጪ ነው፤ ምስማር መንቀሉና መላጉ ከመገጣጠሙ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ባለ ሱቁ በመጀመሪያ ሦስት ብቻ አሠርቶ፤ ለእያንዳንዱ የፈጀውን ሰዓት በመዝገብ ጽፎ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይቁረጥ። ያለዚያ ኪሳራውን ሳያውቅ ይሸጣል።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴም ማኅተሙ የማሸጊያው እንጂ የተሠራው ዕቃ ማረጋገጫ አለመሆኑን ይወቅ። ጠረጴዛው ከታተመ እንጨት ስለ ተሠራ ብቻ የገዢው አገር ይቀበለዋል ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚላክበትም የእንጨት ሣጥን በደንቡ መሠረት የታከመና የታተመ ይሁን፤ ፈርሶ እንደገና ለተሠራ ሣጥን አሮጌው ማኅተም አይበቃውም።

በግቢው ጥግ የተከመረውን እንጨት ለማገዶ ከመስጠት በፊት ማኅተሙን መመልከት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።