ሦስተኛዋ ፋሻ

ዘይት ይበላል የተባለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረድበት አንድ ፍርድ ነው፤ «ሞተሩ ይውረድ»። ይወርዳል፣ ይበተናል፣ ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ሲመላለስ ይከርማል። ተገጥሞ በወጣ በጥቂት ወሩ ያው መኪና ቀለበት መንገድ ላይ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ይታያል። ቴስታታው ታይቷል፣ ቫልቮላዎቹ ተስተካክለዋል፣ ብሮንዚኑም ተቀይሯል። ያልታየችው በፒስተኑ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ፋሻዎች የታችኛዋ ናት፤ የዘይት ፋሻ። በሞተር ውስጥ እንደ እሷ ብዙ ሠርቶ ስሙ የማይነሳ ዕቃ አላውቅም።

ቀላል ቀላሉን አስቀድመን እንጨርስ። ዘይት ወይ ይፈሳል ወይ ይቃጠላል። መፍሰሱን ለማወቅ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ ጠዋት ማየት ነው። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ጭስ የለም ማለት ግን ዘይት አይቃጠልም ማለት አይደለም። ቀስ እያለ የሚበላ ሞተር ለዓይን ምንም ሳያሳይ ዘይቱን ሊያገባድደው ይችላል። ያኔ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ይሻላል፤ ጫፉ በጥቁር ቅባት ከተለወሰ ጉዳዩ ተያዘ።

ስንት እንደሚበላ ሳይለኩ ጋራዥ መሄድም ልክ አይደለም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ መለኪያ ዘንጉን መዝዞ ጠርጎ እንደገና ማስገባትና ማየት። የተጨመረውን ዘይት ከኪሎ ሜትሩ ጋር መጻፍ። የቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይታገሣሉ፤ ለእኔ ያ በጣም ለጋስ ቁጥር ነው፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ መጠርጠር እጀምራለሁ። ዳገት ላይ ቆሞ እየለካ «ጎደለ» የሚልና የሚሞላ ሰውስ? ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ራሱ ወደ ማቃጠያው ይገባል፤ በሽታውን የሚያመጣው መድኃኒቱ ነው ማለት ነው።

«ሲጎድል መብራቷ ትነግረኛለች» የሚለውን ሰው ደግሞ ጨርሶ አልችለውም። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት የምታውቀው ግፊት እንጂ መጠን አይደለም። እሷ ከበራች ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ብሮንዚኑን ለመጨረስ ደግሞ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው ዋና ዋና በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከላይ ነው፣ በቫልቮላ ጎሚኒ በኩል። ጎሚኒው ሲደርቅ ዘይቱ በቫልቮላው እግር ሲንጠባጠብ ያድራል፤ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ አንዴ ቡን ይልና ይጠፋል። አዲስ አበባ ለዚህ ምርመራ የተመቸች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ይውረዱ፤ ከኋላ ሌላ መኪና ይዞ የሚከተል ወዳጅ ይኑር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ አየር ተዘግቶበት ሲስብ ዘይቱን ከላይ ይመጥጠዋል፤ ታች ደርሰው ነዳጅ ሲረግጡ ወዳጅዎ ሰማያዊ ደመና ካየ ጥፋቱ የቫልቮላ ጎሚኒ ወይም የቫልቮላው እግር የሚመላለስበት መምሪያ ነው። ጎሚኒ ለመቀየር ቴስታታ ማውረድ የግድ አይደለም። በካንዴላው ቀዳዳ የአየር ግፊት ሰጥቶ፣ ወይም ንጹሕ ገመድ ጠቅጥቆ ፒስተኑን ወደ ላይ በመግፋት ቫልቮላዎቹ እንዳይወድቁ ይዞ መሥራት ይቻላል። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሁለተኛው በር የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው፤ መካኒኮች ፒሲቪ የሚሉት። ሲዘጋ ከታች የተጠራቀመው ግፊት ዘይቱን ወደማይገባው ቦታ ይገፋዋል። ነቅሎ መነቅነቅ ነው፤ አብዛኛው ዓይነት ደህና ከሆነ ውስጡ ይንኳኳል። ሞተር ከማውረድ በፊት ይህችን ሳያይ የፈረደ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው በር ፋሻዎቹ ናቸው። የላይኛዋ የቃጠሎውን ጉልበት ትይዛለች፤ ሁለተኛዋ እሷን ታግዛለች፣ ዘይትም ትጠርጋለች። የሦስተኛዋ ሥራ ግን ዘይት ብቻ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚፈለገው ወዙ እንደሆነ ሁሉ የሲሊንደሩም ግድግዳ የሚፈልገው ወዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ብረት ከብረት ያፋጫል፣ ከዚያ የበዛ ይቃጠላል። ይህን ልክ የምትጠብቀው እሷ ናት። በአብዛኞቹ የዛሬ ሞተሮች ሁለት ስስ የብረት ቀለበቶችና በመሃላቸው ሞገድ መሳይ ማስፋፊያ አሏት፤ ከጀርባዋ፣ በተቀመጠችበት ቦይ ውስጥ፣ የጠረገችው ዘይት ወደ ኮፓ የሚመለስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወርዳል፤ እሷም 50 ጊዜ ትጠርጋለች። ቀዳዳዎቹ በተጋገረ ዘይት ሲደፈኑ ግን የጠረገችው መሄጃ ያጣል፤ ቀለበቶቹም ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ዘይቱን የሚከለክለው የለም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚመጣው። መካኒኩ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ ጥሩ ቁጥር ያገኛል፣ «ፋሻው ደህና ነው» ይላል። ኮምፕሬሽን ግን የሚለካው የላይኛዎቹን ሥራ ነው። ሦስተኛዋ ሞታም ኮምፕሬሽኑ እንደ አዲስ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ላይ የተረፈው ዘይት የላይኛዎቹን ስለሚያሽግላቸው አንዳንዴ እንዲያውም ከፍ ይላል። በካንዴላ ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻዎቹ አልቀዋል። ካልዘለለ ግን ነጻ ወጡ ማለት አይደለም፤ የላይኛዎቹ ብቻ ናቸው ነጻ የወጡት።

የተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። በመመሪያው መጽሐፍ 12 ባር የተባለ ሞተር እዚህ ጤነኛ ሆኖ 9 አካባቢ ያሳያል። ይህን ሳያስብ መጽሐፉን ይዞ «ኮምፕሬሽን የለውም» ብሎ ሞተር የሚያወርድ አለ። የሲሊንደሮቹን ቁጥር እርስ በርስ ማወዳደር ነው እንጂ ለባሕር ጠለል ከተጻፈ ቁጥር ጋር አይደለም።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ወጣት መካኒክ ከኮሮላ ያወጣውን ፒስተን በእጁ ይዞ ያሳየኝን አልረሳም። የላይኛዎቹን ሁለት ፋሻዎች በአውራ ጣቱ ሲጫን ይገባሉ፣ ሲለቅ ይመለሳሉ። ሦስተኛዋን ሲጫን ንቅንቅ የለም፤ ከፒስተኑ ጋር እኩል ሆና፣ ቡናማ ሙጫ መስላ ተጋግራለች። በጥንቃቄ ፈልቅቆ አወጣትና ቦዩን ወደ ፀሐይ አዞረው። «አዩት ጋሼ? ብርሃን አያሳልፍም።» ከአሮጌ የፍሬን ገመድ አንድ ክር ሽቦ መዝዞ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መውጋት ጀመረ፤ የሚወጣው እንደ ከሰል ይፈረፈራል። «ኮምፕሬሽኑ እንደ አዲስ ነው ተብሎ እኮ ነው የመጣልኝ» አለና ሳቀ።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለቤቱ አይደለም። ብዙ ኮሮላዎች ውስጥ የገባው 1ዜድዜድ የተባለው የቶዮታ ሞተር በመጀመሪያ ዓመታቱ የፒስተኑ የዘይት ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ፤ ኋላ ላይ ፒስተኑ ተሻሻለ። 2ኤዜድ የሚባለውና ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተመረቱ ካምሪዎች ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ በአሜሪካ ቶዮታን ዋስትና እስከማራዘም አድርሶታል። መስፈርቱ በ1,200 ማይል አንድ ኳርት፣ ማለትም በ1,930 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነበር፤ ከዚያ በላይ የበላ ሞተር ፒስተኑና ፋሻው ይቀየርለት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ያኔ ካምሪ የነዳ ባለታክሲ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት።

የባለቤቱ ጥፋት የሆነው ግን ይበዛል። በ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት መቀየር ያለበትን መኪና 9,000 ያደርሰዋል፤ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው የሚቆጥረው። መገናኛ ላይ መንገድ ተዘግቶ አንድ ሰዓት የቆመ ሞተር አንድም ኪሎ ሜትር አልሄደም፤ ዘይቱ ግን ሲቀቀል ነው የቆየው። ከዚያ መብላት ሲጀምር «40 ቁጥር ሙሉልኝ» ይላል። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለትንሽ ጊዜ ይቀንሰው ይሆናል፤ የተጣበቀች ፋሻ ግን አያላቅቅም፣ ለቀጭን ዘይት በተሠሩ ጠባብ መተላለፊያዎችም ሞተሩ ሲነሳ ዘግይቶ ይደርሳል።

ተጣብቃ ብቻ ከሆነ፣ አልቃ ካልሆነ፣ ከመፍታት በፊት አንድ ሙከራ አለ። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ፒስተኖቹን መሃል ላይ አቁሞ በየቀዳዳው የካርቦን ማሟሚያ አፍስሶ ማሳደር። ጠዋት ካንዴላዎቹ ሳይገጠሙ በሞተሪኖ አሽከርክሮ የቀረውን ፈሳሽ ማስወጣት ግድ ነው፤ ፈሳሽ አይታመቅምና ያንን የረሳ ሰው ቢየላ ያጣምማል። ወዲያው ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየራል። አንዳንድ ሞተር በዚህ ይድናል፤ አንዳንዱ ምንም አይለወጥም፤ ቢያንስ ከማውረድ ይረክሳል።

ካልሆነ ማውረድ ነው፤ ግን ለምክንያት። ቦዩ በደንብ ይጸዳ፣ ቀዳዳዎቹ ብርሃን ያሳልፉ፣ ሲሊንደሩ ተለክቶ ሞላላ ካልሆነ በቀላሉ ተሸካክሮ አዲስ ፋሻ ይግባለት፤ ሞላላ ከሆነ ግን አዲስ ፋሻ ብቻውን ብር መጣል ነው። ፋሻዎቹ ላይ ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይዙር፤ አፎቻቸውም በአንድ መስመር አይግጠሙ። አስመጪዎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከሉ ያሉት ሞተሮች ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል፤ ስለዚህ የፋሻ ዋጋ ላይ መቆጠብ የትም አያደርስም።

ተገጥሞ ሲወጣም ግቢ ውስጥ ሰዓታት በባዶው ሲጮህ ማዋል የድሮ ልማድ ነው፤ ፋሻ ግድግዳውን የሚለምደው ጭነት ሲያገኝ ነው። ይነዳ፤ ዳገት ይውጣ፣ ቁልቁለት ይውረድ፣ በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ ብቻ አይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ቢያጨስ አትደንግጡ። 1,000 ሲሞላ ዘይቱን ቀይሩት፤ ከዚያ ወዲህ በዘንጉ ላይ የምታዩት ነው የሥራው ውጤት።