እጃችሁ ሲደነዝዝ መሪውን ላላ አድርጉት!

ሞተረኞች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከሞተር ወርዳችሁ ቁልፍ ከኪሳችሁ ለማውጣት ስትሞክሩ ጣታችሁ አልታዘዝ ብሏችሁ ያውቃል? ሌሊትስ እጃችሁን ጉንዳን የወረረው መስሏችሁ ብንን ብላችሁ፣ ስታራግፉት አድራችሁ ታውቃላችሁ? "አዎ" ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። "ኧረ እኔስ ደህና ነኝ" የምትሉም አትለፉት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ነው። እኔም ሞተር ስለምነዳ ጨዋታችን ቶሎ ገጠመ። "ጋሼ፣ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ከሰዓት በኋላ የእኔ አይደሉም። ፍሬን መያዜን የማውቀው ሞተሩ ሲቆም ነው" አለኝ። ለምን ሐኪም ጋ እንደማይሄድ ጠየቅሁት። "የቆምኩበት ቀን የማልበላበት ቀን ነው። ደግሞ እጅ ደነዘዘ ተብሎ ሐኪም ጋ ይኬዳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ፍሬኑ የማይሰማው ጣት ይዞ ሲነዳ አንድ ሕፃን ከፊቱ ዘው ቢልበትስ?

ለመሆኑ መደንዘዙ ከየት ይመጣል? ከተማ ውስጥ ለሥራ የሚነዱት ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። አንድ ፒስተን ብቻውን ሽቅብ ቁልቁል ሲል፣ ግፊቱን የሚያቻችልለት ጓደኛ ፒስተን የለውም። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 100 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ያ ሁሉ ንዝረት በሻንሲው አልፎ፣ በመሪው ወጥቶ መዳፋችሁ ውስጥ ይገባል። ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምሩበታል።

ነገሩ ተራ እንዳይመስላችሁ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የጉልበተኛ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ ስለሚችል ስልኩን መሪ ላይ አትሰሩ ሲል አስጠንቅቋል። ለስልክ የታዘነውን ያህል ለእጅ አይታዘንም? ንዝረት እጅን እንደሚጎዳማ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንዲያና ውስጥ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎችን መርምራ፣ ጣታቸው በብርድ ጊዜ ነጭ እየሆነ እንደሚደነዝዝ ጽፋለች።

የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ልብ በሉ። ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ፣ ክርናችሁን ጠረጴዛ ሲመታው ኤሌክትሪክ የያዛችሁ ያህል የሚነዝራችሁ ያ ነርቭ ነው የተጎዳው። ብዙ ጊዜ ክብደታችሁን መዳፋችሁ ላይ ስትጥሉ ይጨቆናል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሆኑ ደግሞ በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፈው ነርቭ ነው። እሱ የሚታፈነው አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ መሪውን እንደ ሌባ አንገት አንቃችሁ አትያዙት። አጥብቃችሁ በያዛችሁ ቁጥር ንዝረቱ ይበልጥ ወደ ክንዳችሁ ይተላለፋል። ክፋቱ ደግሞ እጅ ሲደነዝዝ መያዙ ስለማይሰማ ሰው ይብሱን ያጠብቃል፤ ባጠበቀ ቁጥር ይብሱን ይደነዝዛል። የሕፃን እጅ የያዛችሁ ያህል፣ እንዳያመልጥ ግን ደግሞ እንዳያመው አድርጋችሁ ያዙት። የነዳጁን ታንክ በጉልበታችሁ ቆንጠጥ አድርጉና ሰውነታችሁን በወገባችሁ ተሸከሙ። እጅ ሊመራ እንጂ ሊሸከም አልተቀመጠም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ጣቶቻችሁን ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፉ። ክንዳችሁና አንጓችሁ ቀጥ ብለዋል? ካልሆነ መካኒኩ ቡሎኑን አላልቶ እጀታዎቹን ለቁመታችሁ ያስተካክልላችሁ። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያ ወጣት የፍሬኑ እጀታ ለእሱ ከፍ ያለ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ አንጓውን አጥፎ ነበር የሚነዳው። ቡሎኑ ተመልሶ መጥበቁን ሳታረጋግጡ ግን እንዳትነሱ።

ሦስተኛ፣ "ድሮ እንዲህ አያንቀጠቅጠኝም ነበር" ካላችሁ ሞተሩን አስመርምሩ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተው፣ ኩሽኔታ አርጅቶ ወይም ሰንሰለቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የመሪው ላስቲክ ካለቀም ለውጡት። መሪው ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ከባድ ብረቶች ደግሞ ለማማር ብላችሁ አታውልቁ፤ ጌጥ አይደሉም፣ ንዝረት ለመቀነስ የተቀመጡ ናቸው።

አራተኛ፣ ጓንት አድርጉ፤ ግን ልካችሁን። የጠበበ ጓንት ደም ያግዳል፤ በጣም የወፈረ ደግሞ አጥብቃችሁ እንድትይዙ ያስገድዳችኋል። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ በጠዋቱ ቁር በባዶ እጅ አትንዱ። ሲጋራም ያንኑ የደም ሥር ነው የሚያጠብበው።

አምስተኛ፣ ዕቃ እስክትረከቡ ስትጠብቁ ስልክ ከምትጎረጉሩ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ጨብጡ፣ አንጓችሁን አዟዙሩ። እየነዳችሁ ከደነዘዛችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አንድ እጅ ለቆ እያራገፉ መንዳት ጀግንነት አይደለም።

ሐኪም ጋ መቼ ይኬዳል? ከሞተር ከወረዳችሁ በኋላ መደንዘዙ ካልለቀቃችሁ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ዕቃ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ፣ ጣት ነጭ ከሆነ ወይም አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከጎደለ ነገ ዛሬ አትበሉ። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ሁሉንም በሞተሩ አታሳቡ ደግሞ፤ ስኳር፣ እንቅርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የአንገት ችግርም እጅ ያደነዝዛሉ። እግርም አብሮ ከደነዘዘ ስኳራችሁን ተመርመሩ። በድንገት በአንድ ወገን ብቻ ደንዝዟችሁ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል!

የአንድ ቀን ገቢ ማጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ነገር ግን የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ሞልቶታል፤ የእጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ግን እስካሁን አላየሁም። መልካም መንገድ!