በመስቀለኛ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ማየት የማይበቃበት ምክንያት

የከተማ ሕፃን ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ከቤተሰቡ፣ ከገባም በኋላ ከመምህሩ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር ቢኖር ግራና ቀኙን ሳያይ መንገድ እንዳያቋርጥ ነው። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም የተበጀው ተሽከርካሪ ከሁለት አቅጣጫ ብቻ ለሚመጣበት ቀጥ ላለ ጎዳና ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ መንገድ ከመንገድ በሚገናኝበት ስፍራ አጠገብ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ሕፃኑ የተነገረውን በሚገባ ቢፈጽም እንኳ ከአደጋ ለመዳኑ ዋስትና የለውም።

ለምሳሌ የዋናውን ጎዳና የቀኝ ጠርዝ ይዞ፣ ተሽከርካሪዎች በሚጓዙበት አቅጣጫ የሚሄድ አንድ ተማሪ ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ መንገድ ላይ ደርሶ ከፊቱ ያለውን መንገድ ሊያቋርጥ ነው ቢባል፣ የሚጠብቀው ተሽከርካሪ ከአራት ወገን ይመጣል። አንዱ ከግራው በቀጥታ ይሻገራል፤ ሁለተኛው ከቀኙ ወደ መስቀለኛው ይቀርባል፤ ሦስተኛው ከፊት ለፊቱ መጥቶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አራተኛው ከኋላው መጥቶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከሁሉም የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ግራና ቀኝ ብቻ እንዲያይ የተማረ ሕፃን ዘወር ብሎ ከኋላው የሚመጣውን የሚመለከትበት ምክንያት የለውምና።

በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወስ ይገባዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተሽከርካሪዎች ከግራ ወደ ቀኝ ጠርዝ የተዛወሩት በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለእግረኛው ቀድሞ የሚደርሰው ተሽከርካሪ ከግራው የሚመጣው ስለሆነ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግራ ነው። በእንግሊዝ አገር የተዘጋጁ መርጃ መጻሕፍት ግን ቀኝን ያስቀድማሉ። ከእነዚህ መጻሕፍት ሥዕል የሚገለብጥ መምህር ቅደም ተከተሉን ሳይለውጥ እንዳያስተምር መጠንቀቅ አለበት።

የሕፃኑ የማስተዋል ችሎታም በዕድሜው የተወሰነ ነው። አምፖፎ-ቦአቴንግና ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸውን ልጆች ለመሻገር የሚያመች ስፍራ እንዲመርጡ ጠይቀዋቸው ነበር። የአምስትና የሰባት ዓመት ልጆች በአብዛኛው ስፍራው ደኅና መሆኑን የሚለኩት መኪና በመታየቱ ወይም ባለመታየቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ተጠማዝዞ ወይም ኮረብታ ጋርዶት ከወዲያ የሚመጣው የማይታይበትን ስፍራ እንኳ፣ ለጊዜው መኪና ስላላዩበት ብቻ አስተማማኝ ነው አሉ። የዘጠኝ ዓመቶቹ የተሻሉ ሲሆኑ የአሥራ አንድ ዓመቶቹ ግን በሚገባ መለየት ችለዋል። ይህ ውጤት ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል መምህር ትልቅ ትርጉም አለው። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ የቆመ ሚኒባስ ታክሲ ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል። ልጁ መኪና ስላላየ መንገዱ ባዶ ነው ይላል፤ ከታክሲው ባሻገር የሚመጣው አሽከርካሪም ልጁን አያየውም።

ታዲያ ሕፃናትን ማስተማር ከንቱ ድካም ነውን? ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ስቲና ሳንዴልስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት መጽሐፍ ትንንሽ ልጆችን ከትራፊክ ጋር ማስማማት እንደማይቻል፣ ይልቁንም የመንገዱ ሁኔታ ለልጆች እንዲስማማ መደረግ እንዳለበት አስገንዝበው ነበር። የእርሳቸው አስተያየት በመሠረቱ ትክክል ቢሆንም የኋላ ልምድ በከፊል አሻሽሎታል። በ1990ዎቹ በግላስጎ ከተማ ድራምቻፕል በተባለ ሰፈር በፈቃደኛ ወላጆች አማካይነት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በክፍል ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ዳር ልምምድ አደረጉ። የተለማመዱትም ሦስት ነገር ነው፤ ደኅና መሻገሪያ መምረጥ፣ በቆሙ መኪናዎች መካከል መሻገርና በመስቀለኛ መንገድ አጠገብ መሻገር። ልጆቹ ጉልህ መሻሻል አሳዩ። ትምህርቱ ፍሬ የሰጠው በቃል የሚጠና መመሪያ ስላልነበረ ነው። በቃል ያጠና ልጅ አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል እንጂ የሚያየውን አያመዛዝንም።

ይህን በእኛ አገር ትምህርት ቤቶች ለመፈጸም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ ጥቂት ልጆችን ከወላጆች ጋር ሆኖ በየዕለቱ ወደሚያልፉበት ማዕዘን ይወስዳል፤ «ከየት ከየት መኪና ሊመጣ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም አራቱንም ወገን በጣቱ እስኪያመለክት ድረስ አይሻገሩም። ክፍሉ ሰባና ሰማንያ ተማሪ በሆነበት ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ስለማይቻል ቡድን እየለዩ ማፈራረቅ ግድ ነው።

ይሁን እንጂ የመምህሩ ጥረት የእቅድ አውጪውን ሥራ አይተካም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል ቢባል፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በ13 ሜትር ውስጥ ሊቆም ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በዚያው ርቀት ፍሬኑን ገና አልያዘም፤ ለመቆም 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነትን ለመቀነስ ደግሞ ምልክት መትከል ብቻውን በቂ አይደለም። የማዕዘኑ ኩርባ ሰፊ ከሆነ አሽከርካሪው ሳይቀዘቅዝ ይታጠፋል፤ ኩርባው ከጠበበ ግን ሳይወድ ይዘገያል፣ ልጁ የሚያቋርጠው ርቀትም ያጥራል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ የእግረኛው ስፍራ እንዲሰፋ መደረጉ፣ ለውጡን ለመጀመር አስፋልት ማፍረስ የግድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈትበት ስፍራ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ በሩ ማዕዘኑ ላይ ከሆነ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በአንድ ጊዜ ተሽከርካሪ በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ይጨናነቃሉ። በአዲስ ሕንፃ ንድፍ ላይ በሩን ከማዕዘኑ አርቆ ጭር ወዳለው መንገድ ማዞር ምንም ያህል ወጪ አይጠይቅም። በነባር ትምህርት ቤት ግን አጥር ማፍረስን ይጠይቃል። እስከዚያው ሁለቱ ፈረቃዎች በተለያየ በር እንዲገቡና እንዲወጡ ማድረግ፣ ታክሲዎችም ከማዕዘኑ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ከአካባቢው የትራፊክ ፖሊስ ጋር መነጋገር ርእሰ መምህሩ ራሱ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።