ከቆራሌው ጆንያ ወደ ሳሎን ግድግዳ

ሰፌድ የሚሰፋው እህል ሊበጠርበት ነው። ይሁንና በብዙ ቤት ያማረው ሰፌድ እህል ሳይነካ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስንደዶና አክርማ ሜዳ ላይ ሲታዩ ሣር ናቸው፤ ቀለም ገብተው፣ በወስፌ እየተወጉ፣ ዙር በዙር ሲደጋገሙ ግን ዓይን ይይዛሉ። ከአሮጌ ዕቃ የግድግዳ ጌጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ብርቅ ዕቃ አያስፈልግም፤ ተራ ነገር ይበቃል፣ ብቻ ብዛትና ሥርዓት ይኑረው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ ቤት የሚሠራባቸው አካባቢዎች ናቸው። አዲስ ቤት ደግሞ ባዶ ግድግዳ አለው። ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ሲከፍል የቆየ ቤተሰብ ለጌጥ የሚያወጣው ገንዘብ እምብዛም አይተርፈውም፤ ጥሬ ዕቃው ግን ደጅ ድረስ ይመጣል። ቆራሌው ጠርሙስና የተሰበረ ብረታ ብረት እየሰበሰበ ያልፋል። ልዋጮች አሮጌ ልብስ ተቀብለው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። በገበያ ቀን የሰልባጅ ክምር ይዘረጋል። ከዚህ ሁሉ ብዙው ተጉዞ የሚያርፈው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ በርሜል ምድጃ የሚሆነው፣ የተጣለ ቆርቆሮ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሆነው እዚያ ነው። መርካቶ ድረስ መሄድ ግን ግድ አይደለም። ቆራሌው ጆንያውን ከማሰሩ በፊት አስቁመው፣ በኪሎ ከሚያስረክብበት ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርገው ቢከፍሉት የፈለጉትን መርጠው ያስቀራሉ።

ከመርካቶ ውዳቂ ተነስቶ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የታየ ሠዓሊ አለን። ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በቀደሙት ሥራዎቹ ክርና የልብስ ቁልፍ በሸራ ላይ ሰፍቷል። በኋላ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጡ ሰሌዳዎችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችን፣ ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየገዛ፣ ሽቦውን እንደ ጸጉር እየጎነጎነ በእንጨት ላይ ይሰድር ጀመር። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ሽቦ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ መካኒሳ ያቆመው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል፤ ግድግዳው ራሱ የጭቃና የጭድ ሥራ ነው፣ በእጅ ተቀርጾ ያጌጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራዎቹ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ታይተዋል። ከሰበታም ከቡራዩም ለሚነሳ ሰው ዞማ ሩቅ አይደለም። ይህን ሥራ መጀመር የሚፈልግ ሁሉ አንድ ቅዳሜ እዚያ ቢያሳልፍ ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

ኤልያስ የሚያስተምረን አንድ ነገር፣ አንድ ዓይነት ዕቃ መርጦ በእሱ መጽናትን ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ሰዓት፣ አንድ ባርኔጣ፣ አንድ የተሰበረ ጀበናና አንድ ማንኪያ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ዕቃ ቤት ይመስላሉ። ሰባት አበባማ የቆርቆሮ ትሪዎች ግን፣ ቀለማቸው ቢላላጥም፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይስማማሉ። የዕቃው ዓይነት የግድ ከተለያየ ቀለሙ አንድ ይሁን፤ ቀለሙ ከተለያየ ደግሞ ቅርጹ።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው አሮጌ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ነጩ ጨርቅ ሳስቶ ሲቀደድ ጥበቡ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል፤ ሸማኔው በድርብ ክር ያጠበቀው ክፍል ነውና። ጥበቡን ከዙሪያው አራት ጣት ያህል ነጭ ጨርቅ አስቀርተው ይቁረጡ። ከማጠብዎ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ቀለም መልቀቁን ይፈትሹ፤ ከለቀቀ አያጥቡት፣ አራግፈው በጥላ ያናፍሱት። ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጥሩት። መወጠር የሚጀመረው ከየጎኑ መካከል ነው፦ ከላይ አንድ ሚስማር፣ ከታች አንድ፣ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከዚያ እያፈራረቁ ወደ ማዕዘኖቹ። ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ ወደ ሌላው ከተሄደ ጥለቱ ይጣመማል፤ የተጣመመ ጥለት ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል።

ትዕግሥት ላለው የቢራ ቆርኪ አለ። ሜታ ቢራ ፋብሪካ ባለበት ሰበታ ቆርኪ ፍለጋ ማንም አይደክምም፤ አንድ ግሮሰሪ ሄዶ ባለቤቱ እንዲያጠራቅም መጠየቅ ይበቃል። ጋናዊው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳን እየቀጠቀጠና በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍን መጋረጃ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። ቤት ውስጥ ሲሠራ ቆርኪውን እንጨት ላይ አስቀምጦ በቀጭን ሚስማር አራት ቦታ መብሳት፣ ከጎረቤቱም ጋር በስስ ሽቦ ማሰር ነው። የአንድ ቆርኪ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ለመሸፈን ከ500 በላይ ይፈጃል። የብዙ ምሽት ሥራ ነው፤ ልጆችም በማሰሩ ይረዳሉ፣ መብሳቱን ግን ለትልቅ ሰው ይተዉት።

ስለ ንጽሕና አጠር አድርጌ ልናገር። ሰፌድ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይም አይሰቀልም፣ ቀለሙ ይበላልና። ከሰልባጅ የመጣ ጨርቅ ትኋን እንዳያስገባ በፈላ ውኃ ይታጠባል። አሮጌ እንጨት ትንንሽ ቀዳዳና ትኩስ ዱቄት ካለበት ነቀዝ ውስጡ ነው፣ ቤት አያስገቡት። ከሬዲዮና ከኮምፒውተር የወጣ ሰሌዳ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አይሞረድም፣ አይቃጠልም፤ ነክተው ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

መስቀሉ እንደ ግድግዳው ነው። ጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን በጣት አጥንት እየኳኩ ቋሚውን እንጨት ይፈልጉና ሚስማሩን እዚያ ላይ ይምቱ፤ ጭቃው ብቻውን ክብደት አይይዝም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ሚስማር ልስኑን ሰንጥቆ ይወድቃል፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል። እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ቦታ ክረምት ላይ ግድግዳ ይረጥባል፣ ስለዚህ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ቁራጭ ጎማ ለጥፈው አየር እንዲያልፍ ያድርጉ። ከመብሳትዎ በፊት ሁሉንም ዕቃ መሬት ላይ ደርድረው ይዩት። ሳሎን ውስጥ የሚያየው ሰው ተቀምጦ ነውና ብዙዎቻችን ከምንሰቅልበት ዝቅ ይበል።

ተከራይ ከሆኑ ግድግዳውን አሥር ቦታ ከመብሳት አንድ ረዘም ያለ ጣውላ በሁለት ፊሸር አስረው ትሪውንም ጥበቡንም እሱ ላይ ይስቀሉ። ቤቱን ሲለቁ የሚደፈኑት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ጣውላው ከነዕቃው አብሮ ይሄዳል።