ማማ ዛሬ ስንት ዓመታቸው ነው?

እህቶቼ፣ ባለፈው ስለ ወገብ ሕመም ስንነጋገር አንዲት እህት ተነስታ «እኔን ወገቤን የጎዳኝ ጽዳቱ አይደለም፤ አሮጊቷን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት ማንሳቱ ነው» ብላ ነበር። ብዙዎቻችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። የዛሬው ንግግር ከዚያ የተነሳ ነው። የምናወራው ግን ስለምንጦራቸው ሰዎች ስሜት ነው። የእሳቸው ስሜትና የእኛ ወገብ ምን እንደሚያገናኛቸው እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ሰው ሁለት ዕድሜ አለው። አንዱ በወረቀት የተጻፈው ነው። የፓስፖርት ዕድሜ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሱን እንተወው። ሌላው ሰው በውስጡ የሚሰማው ዕድሜ ነው። በ2006 የታተመ የዴንማርክ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በአማካይ ከዕድሜያቸው 20 በመቶ ያህል ወጣት ሆነው ይሰማቸዋል። በዚህ ስሌት 80 ዓመት የሞላቸው ማማ በልባቸው 64 ናቸው ማለት ነው። እኛ ግን እንደ ሕፃን እናባብላቸዋለን። አንዳንዴ የሚቆጡን ለዚህ ይሆናል።

ይህ የሚሰማ ዕድሜ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። ልጃቸው ከውጭ አገር የደወለ ቀን ማማ ሊፕስቲክ አምጪ ይላሉ፣ በረንዳ ላይ ወጥተው ጎረቤት ይጠራሉ። ማንም ያልደወለ ቀን ደግሞ ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ሞቴ በቀረበ ይላሉ፤ ከሶፋው አይነሱም። የደስታ ቀን ሰውነትን ያንቀሳቅሳል። የተንቀሳቀሰ ሰውነት ደግሞ በተራው ደስታን ያመጣል፤ እንቅልፍ ይጥማል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውየው «አሁንም እችላለሁ» ይላል። «እችላለሁ» ያለ ሰው በማግስቱም ይነሳል። እንደ ወፍጮ ነው፤ ከየትኛውም በኩል ቢገፉት ይዞራል። ወደ ኋላም እንዲሁ ይዞራል። ያዘነ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ይደክማል፣ የደከመ «አርጅቻለሁ» ብሎ የባሰ ያዝናል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሙከራ አረጋውያን የጉልበት መለኪያ መሣሪያ በእጃቸው እንዲጨብጡ ተደረገ። ከዚያ ለከፊሎቹ «ከእኩዮችዎ ከብዙዎቹ ይበልጣሉ» ተባሉ። ይህን የሰሙት ወጣትነት ተሰማቸው፤ ሁለተኛ ሲጨብጡም ጉልበታቸው ጨመረ። ምንም ያልተባሉት ግን አልጨመሩም። አንድ መልካም ቃል እጅ ድረስ ደረሰ ማለት ነው።

ዕድሜው ገፍቷልና ከእንግዲህ አይጠቅምም የምንለውም ስህተት ነው። በ1990 የታተመ የቦስተን ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 90 ዓመት ገደማ የሆኑ 10 ደካማ ሰዎችን በባለሙያ እየተጠበቁ ለ8 ሳምንት የእግር ጉልበት አሠራቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በተቃራኒው በ2007 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ቢውሉ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። 10 ቀን ብቻ!

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ቤይሩት መጀመሪያ የገባሁበት ቤት 83 ዓመት የሆናቸው ማማ ነበሩ። ሥራ እንዲፈጥንልኝ፣ ደግሞም ስለማዝንላቸው፣ ሁሉን ነገር እኔ አደርግላቸው ነበር። ካልሲ አጠልቃለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ሊነሱ ሲሉ «ቁጭ ይበሉ፣ እኔ አለሁ» እላለሁ። ቢወድቁ በእኔ ስለሚመጣ ፍርሃቱም ነበረብኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ከሶፋው ለመነሳት ሙሉ ክብደታቸውን በእኔ ላይ መጣል ጀመሩ። ፊታቸውም ጠፋ። እኔም ሌሊት በወገቤ መተኛት አቃተኝ።

አንድ ቀን ከተራራው ከዘመድ ቤት ብዙ ሙሉኪያ ተላከ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ማማ፣ እባክዎ ያግዙኝ» አልኳቸው። ቅጠሉን ከግንዱ እየለቀሙ የእናታቸውን ቤት ያወሩልኝ ጀመር። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ እኔ ማድ ቤት ሆኜ ነጭ ሽንኩርቱን ስጠብስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ለብቻቸው ተነስተው መጥተው «አቃጠልሽው!» ብለው ጮኹብኝ። እንደ ሃምሳ ዓመት ሴት ነበር የሚያዝዙኝ። ያን ቀን የተቆጡኝን ቁጣ ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እነግራችኋለሁ፤ እናንተም እንደ ቤታችሁ ሁኔታ አድርጉት።

መጀመሪያ ለልጆቻቸው ንገሩ፤ ሐኪማቸው የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን ይጠይቁላችሁ። ይህ ለእሳቸውም ለእናንተም መከላከያ ነው።

ከእንቅልፍ ሲነሱ በአንድ ጊዜ አታቁሟቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ የደም ግፊት ዝቅ ብሎ ራስ የሚያዞረው ያኔ ነው። ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይልበሱ፤ የሚያንሸራትት ምንጣፍ አንሱ። እጃቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ በደካማው ጎናቸው ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ቁሙ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቅረቡ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ይሰብስቡ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ራሳቸው ይግፉ። ጠዋት ሦስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ጥሩ መነሻ ነው።

የሚችሉትን አትንጠቋቸው። ቁልፋቸውን ራሳቸው ይቆልፉ፣ ቢዘገይም «ሽወይ ሽወይ» በሏቸው። ኩሳ ሲሞላ፣ የወይን ቅጠል ሲጠቀለል፣ ፎጣ ሲታጠፍ ሥራ ስጧቸው። ምርጫም ስጧቸው፤ የትኛውን ቀሚስ? በረንዳ ወይስ ሳሎን? ሲያደርጉም እንደ ሕፃን አታጨብጭቡላቸው፤ «ዛሬ ከትናንት በተሻለ ቆሙ» በሏቸው፣ እውነት ሲሆን ብቻ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 3 ቀንም ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይላል። ያን ያህል የማይችል እንደ አቅሙ ያድርግ፤ ጥቂቱም ከምንም ይሻላል። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን አቁሙና ወዲያው ጥሩ።

አንድ ነገር ለዩ። ቀኑን ሙሉ የሚያዝኑ፣ ምግብ የጠሉ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚሉ ከሆነ ይህ ስንፍና አይደለም፣ በሙሉኪያም አይድንም። ሕመም ነው፤ ለቤተሰቡ ሳትዘገዩ ንገሩ።

የእኔ ማማ ወጣት አልሆኑም። እርጅና ብቻውን አይመጣም እንደሚባለው የጉልበታቸው ሕመም አልተዋቸውም። ግን ሽንት ቤት በእኔ ክንድ ተደግፈው በራሳቸው እግር መሄድ ቻሉ፤ እኔም እሳቸውን መሸከም ተውኩ። የእሳቸው ስሜትና የእኔ ወገብ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን። ከመካከላችን በ35 ዓመቷ «እኔ እኮ አርጅቻለሁ» የምትል አለች። ቀኑን ሙሉ እየሠራን ስለሆነ እንቅስቃሴ የጎደለን አይመስለኝም፤ የጎደለን በራሳችን ፈቃድ የምንራመደው እርምጃ ነው። መውጣት የተፈቀደልሽ እሑድ ከወጣሽ አንዱን መንገድ ከጓደኛሽ ጋር እያወራሽ በእግርሽ ሂጂ። መውጣት የተከለከልሽም በረንዳው ላይ አሥር ደቂቃ፣ ያለ መጥረጊያ፣ ባዶ እጅሽን ቁሚ። አገር ቤት ስትደውሉም እናታችሁን «አመመሽ ወይ?» ብቻ አትበሏት። «ዛሬ የት ሄድሽ? ምን ሠራሽ?» በሏት፤ ድምፅዋ ሲቀየር ትሰማላችሁ።