አገር አቋራጭ ትራያትሎን፦ ሩጫ ብቻውን የማያሸንፍበት ውድድር

በሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ማዊ፣ ካፓሉዋ በተሰኘ የባሕር ዳርቻ፣ ለዓመታት በጥቅምት ወር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባዶ እግራቸው አሸዋው ላይ ተሰልፈው ማዕበሉን ሲመለከቱ ይታዩ ነበር። ከመካከላቸው በስፖርት የሚተዳደሩት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በሳምንቱ ቀናት በሌላ ሥራ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የመነሻው ምልክት ሲሰማ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ይዋኛሉ። ከውኃ እንደወጡ ብስክሌታቸውን አንሥተው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረብታና ጫካ ያቋርጣሉ፤ በመጨረሻም 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መንገድ ይሮጣሉ። ሰዓቱ በመካከል አይቆምም። ጫማ ማጥለቁም ሆነ ውኃ መጎንጨቱ ከውድድሩ ጊዜ ይቆጠራል።

ይህ ውድድር አገር አቋራጭ ትራያትሎን ይባላል። አስፋልት ላይ ከሚካሄደው ከተለመደው ትራያትሎን የሚለየው ብስክሌቱና ሩጫው በአፈር፣ በድንጋይ፣ በጭቃና በዛፍ ሥር ላይ መሆናቸው ነው።

ትራያትሎን በዛሬ መልኩ የተጀመረው በ1974 በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ተካትቷል። አገር አቋራጩ ዘመዱ ግን በ1996 በማዊ ተጀመረ፤ በኋላም ኤክስቴራ በሚል ስም በልዩ ልዩ አገሮች ተስፋፋ። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማኅበርም ከ2011 ጀምሮ የራሱን የዓለም ሻምፒዮና ያካሂዳል። የኤክስቴራ የዓለም ሻምፒዮና ከማዊ ወጥቶ በ2022 ወደ ጣሊያን ተራሮች፣ ወደ ሞልቬኖ ሐይቅ ተዛውሯል።

የውድድሩ ምድር ለአርሶ አደር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ካፓሉዋ ያለው ኮረብታ ቀድሞ የአናናስ እርሻ ነበር። በ2009 የአናናስ ምርቱ ሲቆም የእርሻው መንገዶች ቀሩ፤ በ2011 ውድድሩ ወደዚያ ሲዛወር ብስክሌተኞችና ሯጮች አረም በወረሰው የድሮ ማሳ ዳር መመላለስ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ውድድሩ ይካሄድበት የነበረው ማኬና ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይና በእሾህ የታወቀ ነበር። እሾሁ የሚመጣው ሃዋይያውያን ኪያዌ ከሚሉት ዛፍ ነው። ኪያዌ በአፋር የግጦሽ መሬትን የወረረው የፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የቅርብ ዘመድ ነው። በእኛ አገር የከብትን እግር የሚወጋው የእሾህ ዘር በማኬና የስንቱን ተወዳዳሪ ጎማ አስተንፍሷል።

አማተር ስፖርተኛ በዚህ ውድድር ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ አይደለም። ከባለሙያዎቹ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ይወዳደራል። ልዩነቱ የሚለካው ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር መሆኑ ነው። ተወዳዳሪዎች በጾታና በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ይመደባሉ፤ የ42 ዓመት ሰው ከ40 እስከ 44 ካሉት ጋር፣ የ67 ዓመት ሰውም ከ65 እስከ 69 ካሉት ጋር ይፎካከራል። በየአገሩ በሚካሄዱ የማጣሪያ ውድድሮች ከምድቡ ቀድሞ የገባ ለዓለም ሻምፒዮናው ቦታ ያገኛል። ፈጣኖቹ ባለሙያዎች ማዊን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያጠናቅቁ፣ አማተሩ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢቆይ የሚያስነውር አይደለም።

የረጅም ርቀት ሩጫ ባህል ባለው አገር ይህን የሰማ ሰው ውድድሩ ለሯጭ የተመቸ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አሠራሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሩጫው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ እግር በብስክሌት ከዛለ በኋላ ነው። ከኮርቻ የወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግሩ የራሱ አይመስለውም፤ በፔዳል ዙር የለመደው ጡንቻ ወደ እርምጃ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህም ሲባል ተወዳዳሪዎች በልምምድ ቀን ከብስክሌት እንደወረዱ ሳያርፉ መሮጥን ይለማመዳሉ። ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ በላዩ የሚያልፈው በብስክሌት ላይ በመሆኑ፣ በሩጫ የሚገኝ የሁለት ደቂቃ ብልጫ በአንድ ክፉ ቁልቁለት ይጠፋል።

በ1998 እና በ1999 በማዊ ያሸነፈው አሜሪካዊው ኔድ ኦቨረንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኦቨረንድ በ1990 የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ዋና ዋነኛ ኃይሉ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን የማዊ ድል ሲያገኝም ዕድሜው 43 ደርሶ ነበር። በኦሊምፒክ ትራያትሎን ሁለት ጊዜ የተወዳደረው ደቡብ አፍሪካዊው ኮንራድ ስቶልትዝ ደግሞ ማዊን አራት ጊዜ አሸንፏል፤ እርሱም የሚፈራው በብስክሌቱ ነበር። በሴቶች በኩል የቤርሙዳዋ ፍሎራ ደፊ በኤክስቴራ ተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነች በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለአገሯ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝታለች። በአፈር መንገድ የተገኘ ችሎታ አስፋልት ላይም እንደሚያገለግል እርሷ አሳይታለች።

የብስክሌቱ ጥበብ በአብዛኛው የሚታየው በጎማ አየር፣ በፍሬንና በዐይን ነው። ጎማው ጠንክሮ ከተነፋ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ እርጥብ የዛፍ ሥር ላይም ይንሸራተታል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝ ተጨፍልቆ ይቀደዳል። ተወዳዳሪው በጭቃ ቀን አየሩን ቀነስ፣ በደረቅ ቀን ጨመር ያደርጋል። ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ሰውነቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ የፊቱን ፍሬን በድንገት አይጨብጥም። ዐይኑን የሚያሳርፈው ሊያልፍበት በሚፈልገው ስፍራ ላይ እንጂ በሚፈራው ድንጋይ ላይ አይደለም፤ ብስክሌት ዐይን ወደሄደበት ይሄዳልና። ጎማ ቢተነፍስ የሚጠግነው ራሱ ተወዳዳሪው ነው፤ ከተመልካች መካከል ወዳጁ መጥቶ ቢያግዘው ቅጣት ያስከትላል። ስለዚህ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ትንሽ ፖምፓና መፍቻ ከእርሱ አይለዩም። የራስ ቁርም ቢሆን ብስክሌቱ ከቆመበት ከመነሣቱ በፊት ታስሮ መገኘት አለበት፤ ይህን የረሳ ይቀጣል።

ከሦስቱ ሕይወትን የሚፈትነው ግን የመጀመሪያው ነው። በአሜሪካ ከ1985 እስከ 2016 በተካሄዱ የትራያትሎን ውድድሮች የደረሱ ሞቶችንና ድንገተኛ የልብ መቆሞችን የመረመረ ጥናት 135 ጉዳዮችን መዝግቧል። ከእነዚህ 90ዎቹ የደረሱት በዋና ላይ ነው። ከተጎጂዎቹ 85 በመቶ ወንዶች፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 47 ገደማ ነበር። ከተሳታፊው ብዛት አንጻር አደጋው ከ100 ሺህ ሰው ወደ ሁለት የሚጠጋ በመሆኑ ትልቅ አይባልም። ቢሆንም የሚደርስበት ስፍራ ያስተምራል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ የሰው ግፊያ፣ የውድድር ጥድፊያና ያልታወቀ የልብ ሕመም በአንድ ጊዜ የሚገናኙት እዚያ ነው። ዕድሜው 40 ያለፈ ጀማሪ አስቀድሞ በሐኪም መታየቱ ከማንኛውም ውድ ብስክሌት ይቀድማል።

በመዋኛ ገንዳ የለመደ ሰው ሐይቅ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ወለሉ አይታይም፣ የሚከተለው መስመር የለም። ስለዚህ በየጥቂት ቅዘፋው ቀና ብሎ ተንሳፋፊውን ምልክት ማየት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ርቀቱን ሳያውቅ ያረዝመዋል። ፍርሃት የያዘው ሰው በጀርባው ተገልብጦ እንዲተነፍስ፣ እጁንም ወደ ላይ አንሥቶ እርዳታ እንዲጠራ ይመከራል። የነፍስ አድን ታንኳ ይዞ ማረፍ በደንቡ አይከለከልም፤ የሚከለከለው ታንኳው እየጎተተው ወደ ፊት መሄድ ነው። በዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ ውኃው ከ22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን አማተሩ ሙቀት የሚጠብቅና የሚያንሳፍፍ የላስቲክ ልብስ መልበስ ይችላል፤ ቅዝቃዜው ከ16 በታች ሲወርድ ደግሞ መልበሱ ግዴታ ይሆናል።

ስለ ውኃ ሲነሣ የሚዘነጋ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በውኃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። በሰኔ ወር 1998 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ሐይቅ የተካሄደ ትራያትሎን 876 ተወዳዳሪዎች ነበሩት። ከሳምንታት በኋላ ብዙዎቹ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በጡንቻ ሕመም ተያዙ። ባለሙያዎች ካነጋገሯቸው 834 ሰዎች 98ቱ መታመማቸውን ተናገሩ፤ ደማቸው ከተመረመረው 474 ሰዎች ደግሞ በ52ቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ ተገኘ። ይህ በሽታ በአይጥ፣ በከብትና በሌሎች እንስሳት ሽንት የሚወጣ ባክቴሪያ የሚያመጣው ሲሆን በተጫረ ቆዳ፣ በዐይንና በአፍ በኩል ይገባል። ከውድድሩ በፊት ከባድ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጎርፉ ብክለቱን ወደ ሐይቁ ሳያጥበው እንዳልቀረ አጥኚዎቹ ገልጸዋል። የሐይቁን ውኃ የዋጡ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በማሌዥያ ቦርኔዮ በተካሄደ የጫካ ውድድርም በሴጋማ ወንዝ የዋኙ ስፖርተኞች በዚሁ በሽታ ተይዘዋል።

ነገሩ ለስፖርተኛ ብቻ የሚነገር አይደለም። በዓለም ዙሪያ ለሌፕቶስፓይሮሲስ ከሚጋለጡት መካከል በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ቆመው የሚሠሩ ገበሬዎች ይገኙበታል። የእግር ቁስልን ሳይሸፍኑ ከብት በሚዋልበት ኩሬ መግባት ለዋናተኛውም ለገበሬውም እኩል አያዋጣም። በወቅቱ ከታወቀ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከማል። ክፋቱ በትኩሳትና በራስ ምታት መጀመሩ ነው፤ ወባ ባለበት አካባቢ ከወባ ጋር ሊምታታ ስለሚችል ለሐኪም ውኃ ውስጥ መቆየትን መናገር ምርመራውን ያግዛል።

በጣና ዙሪያ ላለ ወጣት ደግሞ ከዚህ የሚቀርበው ስጋት ብልሃርዝያ ነው። የበሽታው ጥገኛ ሕዋስ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ውኃ ውስጥ ያለን ሰው ቆዳ በስቶ ለመግባትም ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ቀንድ አውጣው የሚበዛው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ እንዲሁም በመስኖ ቦይ ውስጥ ሲሆን፣ ሕዋሱ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በጠነከረች ሰዓት ነው። ከውኃ ወጥቶ በፎጣ መታሸት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። በእንዲህ ያለ ውኃ የገባ ሰው ሕመም ባይሰማውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ቢመረመር፣ ቢገኝበትም በፕራዚኳንቴል ይታከማል። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ መኖሩንም የባሕር ዳር ሰው ያውቃል። እንግዲህ ዋናን በገንዳ መማር ለከተማ ልጅ ቅንጦት ተደርጎ ባይታይ መልካም ነው።

ገንዳ ለሌለው ጀማሪ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። አገር አቋራጭ ዱያትሎን የሚባል፣ ዋናውን በሩጫ የተካ ውድድር አለ፤ ተወዳዳሪው ይሮጣል፣ ብስክሌት ይጋልባል፣ እንደገና ይሮጣል። በሩጫ የጠነከረ የገጠር ወጣትና በብስክሌት ያደገ የባሕር ዳር ልጅ የየራሳቸውን ብርታት ይዘው የሚገናኙበት ነው ለማለት ይቻላል። ለመነሻ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ጥርስ ያለው ሰፊ ጎማ፣ ሁለቱም የሚይዙ ፍሬኖች፣ ያልላላ ካቴናና የራስ ቁር በቂ ናቸው።

የልምምዱን መንገድ መምረጥ ግን ከማሳው ባለቤት ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። በክረምት እርጥብ አፈር ላይ በአንድ መስመር የሚመላለስ ጎማ ቦይ ይከፍታል፤ ዝናብ ሲመጣ ቦዩን ተከትሎ አፈሩ ይታጠባል። ቁልቁለት ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የሰከነ ስፖርተኛ ከዝናብ በኋላ መሬቱ እስኪጠፈጥፍ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ የተዘራ ማሳ ዳር ሲደርስም ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ያልፋል።